በአርባ አምስት ዓመት የወጣ ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። አንዳንዱ ሰው ግን ሁለተኛ ስሙን የሚያወጣለት ሐኪም ነው፤ ያውም ጠጉሩ መሸበት ሲጀምር። አሜሪካዊው የሙዚቃ ሐያሲ ቲም ፔጅ ከእነዚህ አንዱ ነው። በ«ዋሽንግተን ፖስት» በሚጽፋቸው ሒሶች በ1997 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ45 ዓመቱ፣ አስፐርገርስ ሲንድረም የሚባል የኦቲዝም ዓይነት እንዳለበት ተነገረው። «ፓራለል ፕሌይ» የተባለው የሕይወት ታሪኩ በ2009 ታተመ። ርዕሱ ሕፃናት ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ ከሌላው ሳይገናኝ፣ ለየብቻ የሚጫወቱትን ጨዋታ ይጠራል።

መጽሐፉን የምወደው ስለ በሽታ ስለሚያስተምር አይደለም። ልጁን ስለሚያሳየኝ ነው። ሁለተኛ ክፍል ሳለ ተማሪዎቹ ቦስተንን ጎብኝተው ሲመለሱ ስለ ጉዞው ጻፉ ይባላሉ። እሱ ታዲያ ቦስተንን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ አውቶቡሱ ያለፈባቸውን ከተሞችና የመንገዶቹን ቁጥር ዘረዘረ። ወረቀቱ በቀይ ቀለም ቁጣ ተጽፎበት ተመለሰለት። ድርሰት ማረም እንጀራዬ ስለነበር ያ ቀይ ቀለም ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ደግሞ ሌላው ከቤተሰቡ፣ ከጎረቤቱ እያየ የሚለምደውን የሰው አያያዝ፣ እሱ ያገኘው ከኤሚሊ ፖስት የሥነ ሥርዓት መጽሐፍ ነው። ሰላምታ እንኳ ተጠንቶ!

ታዲያ የሐኪሙ ቃል ለፔጅ አዲስ ማንነት ሰጠው? አይመስለኝም። በልብ ወለድ አንድ ባለታሪክ ማን መሆኑን ሲያውቅ ያለፉት ገጾች ሁሉ ሌላ ትርጉም ይይዛሉ፤ ገጾቹ ግን ያው ናቸው። የፔጅም እንደዚያ ነው። የሚያሰጋው ሌላ ነው፦ አንድ ቁልፍ የያዘ ሰው በሩን ሁሉ በዚያው ልክፈት ማለቱ አይቀርም። ለሙዚቃ ያለው ፍቅርም፣ ብቸኝነቱም፣ ሳቁም ሲንድረም ከሆነ፣ ለሰውየው ምን ቀረለት?

ስሙም ቢሆን አልበረከተም። በ2013 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በአምስተኛው መመሪያው «አስፐርገርስ» የሚለውን ሰርዞ ከኦቲዝም ጋር ቀላቀለው። በ2018 ደግሞ ሄርቪግ ቼክ የተባለ የታሪክ ምሁር፣ ሐኪሙ ሐንስ አስፐርገር ናዚዎች ሕፃናትን ይገድሉበት ወደነበረው የቪየና ክሊኒክ ልጆች እንደላከ በሰነድ አሳየ። ያን ስም «ይኸው እኔ ነኝ» ብሎ የተቀበለ ሰው ምን ይበል? የአውቶቡሱ መንገድ ግን አልተሰረዘም። ልጁ እዚያው መስኮቱ አጠገብ አለ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ቃሉ ራሱ ለብዙ ሰው እንግዳ ነበር። በ2021 እስካረፉ ድረስ በየቤቱ ተደብቀው የነበሩ ልጆች እንዲታዩ ደከሙ። የሃምሳ ዓመቱ ጎልማሳስ? ለሱ ያሉን ስሞች «ደረቅ»፣ «ኩሩ»፣ «ጨዋታ የማያውቅ» የሚሉት ናቸው። ደግሞም እኛ ዘንድ ትልቅ ሰውን ዓይን ዓይኑን አለማየት ጨዋነት ነው። ሌላ አገር ሐኪም የሚጠረጥረውን ልጅ፣ እዚህ «የተባረከ፣ አንገቱን የደፋ» ብለን እናመሰግነዋለን። እንዲህ ያለው ሰው ልጅ ሳለ በምስጋና፣ ካደገ በኋላ በስድብ ተሸፍኖ ያረጃል።

ስለዚህ የሐኪሙ ስም ይጠቅማል እላለሁ። ጥቅሙ ማን መሆንህን መንገሩ ላይ አይደለም፤ ሰው ያለ አግባብ የለጠፈብህን ስም ማንሳቱ ላይ ነው። የቀረውን ራስህ ትሠራዋለህ፤ ፔጅም የሠራው ይህንኑ ነው። መጽሐፉን ያነበበ ሰው፣ ለቅሶ ቤት ጥግ ይዞ ዝም ያለ ዘመዱን «ይሄ ኩሩ!» ከማለቱ በፊት ትንሽ ይዘገያል። ለአንድ መጽሐፍ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።