ሐዲዱ አለ፣ ባቡሩስ?

ስለ አዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሐዲዱ ርዝመት ነው፦ ሁለት መስመር፣ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ትልቅ ነገር ነበር፤ ይሄን መካድ አይቻልም። ጣቢያ ላይ ለቆመ ሰው ግን ከርዝመቱ የሚበልጥ ጥያቄ አለ፦ ቀጣዩ ባቡር በስንት ደቂቃ ይመጣል?

እስኪ አብረን እናስላ። ከአያት ጦር ኃይሎች ደርሶ መልስ 120 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። በየ6 ደቂቃው ባቡር እንዲመጣ ከፈለግን 120ን ለ6 እናካፍላለን፤ 20 ባቡር ያስፈልጋል። ለቃሊቲው መስመርም እንደዚያው ብንይዝ በድምሩ 40 ይሆናል። መጀመሪያ የተገዙት 41 ነበሩ፤ ስለዚህ ሒሳቡ ይገጥማል። አሁን ከ20ዎቹ 13ቱ ቢቆሙስ? 120ን ለ7 አካፍሉት፤ 17 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። ሐዲዱም ዕዳውም ያው ነው፤ የማመላለስ አቅሙ ግን ወደ ሲሶ ወረደ።

ይህ ባዶ ሥጋት አይደለም። ባለፉት ዓመታት ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረት መቆማቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። የብረት መንኮራኩር ኩርባ ላይ ሐዲዱን እየታከከ ያልቃል። በየጊዜው በቶርኖ መስተካከል፣ ሲሳሳ ደግሞ መቀየር አለበት። መለዋወጫው የሚገዛው በዶላር ነው፤ ቲኬቱ ግን ሲጀመር ከ2 እስከ 6 ብር ነበር።

ሌላም ማነቆ አለ። ከመስቀል አደባባይ እስከ ልደታ ሁለቱ መስመሮች የሚሄዱት በአንድ ሐዲድ ነው። እዚያ በየ3 ደቂቃው ባቡር ቢያልፍ እንኳ ለእያንዳንዱ መስመር የሚደርሰው በየ6 ደቂቃው ነው። ባቡር ብትጨምሩም ይህ ገደብ አይነሳም።

ትችቴ እዚህ ላይ ነው። ለግንባታው ከወጣው 475 ሚሊዮን ዶላር 85 በመቶው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። በብድር የተሠራ ባቡር ዴፖ ውስጥ ሲቆም ዕዳው አይቆምም። ከምርቃት በኋላ የሚያስፈልገውን ዕቃ ከግዢው እኩል ያላሰበ ዕቅድ ግማሽ ዕቅድ ነው።

ስለዚህ ሌላ መስመር ሊሠራ ነው ሲባል ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ብቻ አትጠይቁ። በ10ኛው ዓመት ስንት ባቡር ይሮጣል? መንኮራኩሩስ ሲያልቅ በማን ገንዘብ ይቀየራል? ብላችሁ ጠይቁ።