የአንጎል ምት፣ የደም ግፊት፣ የልብ ድካም፤ በደም ሥር በሽታዎች ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

የአንድ የሙያ ቃል ብቃት ብዙ ጊዜ የሚመዘነው ከውጭው ቋንቋ አቻው ጋር ባለው ተመጣጣኝነት ነው። ይህ ሚዛን ለሒሳብ ወይም ለፊዚክስ ይበቃ ይሆናል፤ ለሕክምና ግን አይበቃም። የሕክምናን ቃል የሚሰማ ሰው ሰምቶ ዝም አይልምና፤ መድኀኒቱን ይውጣል ወይም ይተዋል፤ ወደ ሐኪም ይገሠግሣል ወይም ቤቱ ተኝቶ ይጠብቃል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው መመዘኛ አንድ ነው፤ ስያሜው ሰሚውን ወደ ምን ተግባር ይመራዋል? የልብንና የአንጎልን የደም ሥር በሽታዎች የሚመለከቱትን የአማርኛ ቃላት በዚህ መመዘኛ ስንመረምር፣ አንዳንዶቹ እጅግ የሠመሩ፣ ሌሎቹ ግን መታረም የሚገባቸው ሆነው አግኝተናቸዋል።

መመዘኛችን ረቂቅ ሆኖ እንዳይቀር በአንድ ሥፍራ ላይ እናቁመው። ሐሮ ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ በጥንታዊ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ «ሐሮ» በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። በሐይቁ ዳር የታመመ ሰው ሆስፒታል ወዳለበት ከተማ ለመድረስ በመጀመሪያ ዳገቱን መውጣት፣ ከዚያም ወደ አምቦ ወይም ወደ ወሊሶ መጓዝ አለበት። የአካባቢው ሕዝብ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ሲሆን በከተሞቹ አማርኛም ይነገራል። እንግዲህ በዚህ ሥፍራ የጤና ትምህርት ጽሑፍ በሁለት ቋንቋ ይፈለጋል፤ በአንድ ቃል ብዥታ የሚባክነውም ሰዓት በመንገዱ ርዝመት ላይ የሚደመር ነው።

ከ«ምት» እንጀምር። ስትሮክ የሚባለውን በሽታ አንዳንድ ተርጓሚዎች «የአንጎል ምት» ይሉታል። ትርጉሙ ቃል በቃል ሲታይ ትክክል ነው፤ የእንግሊዝኛው ቃልም፣ ከእርሱ በፊት የነበረው የግሪክኛው ስያሜም ከመምታት የወጡ ናቸው። ነገር ግን በአማርኛ «መታ» ከሚለው ግሥ ጋር የተያያዙ የሕመም ስሞች አስቀድመው አሉ። «ራስ ምታት» አለ፤ «ምች መታኝ» ይባላል፤ «የልብ ምት» ደግሞ በሽታ ሳይሆን የጤናማ ልብ ሥራ ነው። «የአንጎል ምት» የሚለው አዲስ ቃል በእነዚህ መካከል ሲገባ፣ ሰሚው የሚያውቀውን ቤተሰብ ይሰጠዋል። ራስ ምታት ተኝተው የሚያሳልፉት፣ ምች በዳማከሴ የሚታከም ነው፤ ሁለቱም የቤት ሕመሞች ናቸው። ስትሮክ ግን እንዲህ አይደለም። የአንጎል ደም ቅዳ ሲዘጋ፣ ሳይታከም በሚያልፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ 1.9 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት እንደሚሞቱ ተሰልቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ በሆነው ጥናት የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኀኒት የጠቀመው ሕመሙ ከጀመረ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነበር፤ በ2008 በታተመ ሌላ ጥናት ጊዜው ወደ 4 ሰዓት ተኩል ተራዘመ። ከወንጪ ተነሥቶ ለሚመጣ ሕመምተኛ ይህ ጊዜ እጅግ ጠባብ ነው። ቤተሰቡ ዳማከሴ ሲጨምቅ አንድ ሰዓት ቢያልፍ፣ የቀረው ለመንገዱም ላይበቃ ይችላል።

በዚህ ምክንያት «ስትሮክ» የሚለውን የውሰት ቃል እንደግፋለን። የውሰት ቃል በራሱ ባዶ መሆኑ እዚህ ላይ ጥቅም ነው፤ ከምችም ከራስ ምታትም ዝምድና የለውም። ሆኖም ቃሉ ብቻውን አይበቃም። በሽታው ሁለት መልክ አለው፤ በአንደኛው ደም ቅዳው ይዘጋል፣ በሁለተኛው ተቀድዶ ይደማል። ለመጀመሪያው የሚሰጠው የረጋ ደም ማሟሚያ ለሁለተኛው ገዳይ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን በእርግጥ የሚለየውም የራስ ቅል ምርመራ በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ ነው። ስለዚህ «የመዘጋት ስትሮክ» እና «የመድማት ስትሮክ» የሚሉት ጥንዶች በማንኛውም ትርጉም ተለይተው እንዲገቡ እንመክራለን። «ሽባ ሆነ»፣ «ፓራላይዝድ ሆነ» የሚለው አነጋገር ግን በሽታውን ሳይሆን የበሽታውን ፍጻሜ የሚሰይም ነውና፣ ለማስጠንቀቂያ ጽሑፍ አይሆንም።

ሁለተኛው «ግፊት» ነው። የደም ግፊት ማለት ደም በሥሩ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ኀይል ነው፤ በሕይወት ያለ ሰው ሁሉ አለው። በዕለት ንግግር ግን «ግፊት አለበት» ሲባል በሽተኛ ነው ማለት ሆኗል፤ ልክና በሽታ አንድ ስም ይዘዋል። የኦሮምኛው «ዺባ ዺጋ» ከመግፋት የወጣ በመሆኑ ያው ብዥታ በአምቦ በሁለቱም ቋንቋዎች ያጋጥማል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ «የደም ግፊት» ለልኩ፣ «ከፍተኛ የደም ግፊት» ለበሽታው ይዋል።

ከዚህ የከፋው «ደም ብዛት» ነው። ቃሉ የሕዝብ በመሆኑ ልናከብረው ይገባል፤ ሆኖም የደም እጥረትን የሚያመለክተው በሽታ «ደም ማነስ» ስለሚባል፣ ሁለቱ ስሞች እንደ መብዛትና እንደ ማነስ ተቃራኒ ሆነው ይሰማሉ። በእርግጥ ግን ተቃራኒ አይደሉም። ደም ማነስ የሚባለው ኦክሲጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ማነሱ ነው፤ ከፍተኛ የደም ግፊት የመጠን ሳይሆን የኀይል ጉዳይ ነው። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊይዝ ይችላል። «ደም አንሶሃል» የተባለ ሰው «እንግዲያውስ ደም ብዛቱ ለቀቀኝ» ብሎ መድኀኒቱን ቢያቋርጥ፣ ያሳሳተው ስንፍናው ሳይሆን የስያሜው ሥርዓት ነው። በ2007 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት ከፍተኛ የደም ግፊት ያለባቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች 16 በመቶ ገደማ መሆናቸውን ስናስታውስ፣ ስሕተቱ ጥቂት ሰው ብቻ የሚነካ አለመሆኑ ይገለጻል።

ሦስተኛው «የልብ ድካም» ነው። ልብ ደምን ለመግፋት ዐቅም ሲያንሰው ስሙ ተገቢ ነው። ነገር ግን ድንገት የሞተ ሰው ሁሉ በዜና «በልብ ድካም» ሞተ ይባላል። ድካም በአማርኛ ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ በዕረፍት የሚለቅ ነው፤ ደረቱን ድንገት የጨመደደው ሰው «ደክሞኝ ነው፣ ልረፍ» ቢል ቃሉን በትክክል ተረድቷል፤ ሕይወቱን ግን ያጣል። «የልብ ጥቃት» የሚለው ትርጉምም አያድነንም፤ ጥቃት አጥቂ ይሻል፣ ከበሽታ ይልቅ በደልን ይጠራል። የሥነ ሕይወት ኬሚስትሪ ለሁለቱ በሽታዎች የተለያየ ምልክት ያሳያል፤ የልብ ጡንቻ ሲሞት ትሮፖኒን የተባለው ፕሮቲን ወደ ደም ይፈስሳል፤ ከእ.ኤ.አ. 2000 ወዲህ የበሽታው ብያኔ የተመሠረተውም በዚህ ላይ ነው። ስለሆነም «ድንገተኛ የልብ ደም ቅዳ መዘጋት» እንበለው። ከ«የአንጎል ደም ቅዳ መዘጋት» ጋር ሲነጻጸር የሁለቱ በሽታዎች ዝምድና ከስማቸው ይነበባል።

እዚህ ላይ «ደም ቅዳ» እና «ደም መልስ» የሚሉትን የመማሪያ መጻሕፍት ቃላት ሳናመሰግን አናልፍም። አንዱ ከልብ ቀድቶ ያደርሳል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ተግባሩ በስሙ ውስጥ አለ። «ደም መርጋት»ም እንዲሁ የሠመረ ነው። ወተት ሲረጋ ፕሮቲኑ ከፈሳሽነት ወደ ጓጓላነት ይለወጣል፤ በደምም ፋይብሪኖጅን ወደ ፋይብሪን ሲለወጥ የሚሆነው ይኸው ነው። የባላገር ምሳሌ ከቤተ ሙከራ ጋር የተስማማበት ያልተለመደ አጋጣሚ ነው።

እንዲህ ያለ ቃል እያለን «ደም ማቅጠኛ» ማለታችን ያስገርማል። ጠላ ይቀጥናል፣ ወጥ ይቀጥናል፤ የቀጠነ ነገር ውሃ የበዛበት ነው። መድኀኒቶቹ ግን ደምን አያቀጥኑም። ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳሳየው አስፕሪን ፕሮስታግላንዲን የሚያመርተውን ኢንዛይም ያግዳል፤ በዚህም የደም ፕሌትሌቶች እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ይከለክላል። ዋርፋሪን ደግሞ የቫይታሚን ኬን ዑደት ያሰናክላል። «ደሜ ቀጥኖ ዐቅም አሳጣኝ» የሚል በሽተኛ እንዳይኖር፣ ለእነዚህ «የደም መርጋት ማገጃ»፣ አስቀድሞ የረጋውን ለሚያፈርሰው «የረጋ ደም ማሟሚያ» የሚሉት ስሞች ይበጃሉ።

ስያሜ ተመራማሪዎችንም ሊያስት እንደሚችል የሚያሳየው «ጥሩ ኮሌስትሮል» እና «መጥፎ ኮሌስትሮል» የሚለው አከፋፈል ነው። ኮሌስትሮል አንድ ዓይነት ሞለኪውል ነው፤ የሚለያዩት በደም ውስጥ የሚያጓጕዙት ተሸካሚዎች ናቸው። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሕዋስ ዝቅተኛ እፍግታ ያለውን ተሸካሚ እንዴት እንደሚቀበል ስለ ገለጹ ነው፤ አኪራ ኤንዶ በ1970ዎቹ ከሻጋታ ያወጣው ንጥረ ነገር የስታቲን መድኀኒቶችን መንገድ ከፈተ። «ጥሩ» የተባለውን ከፍ እናድርግ በሚል አሳብ የተሠራው ቶርሴትራፒብ ግን መጠኑን እጅግ ቢጨምርም፣ ሟቾች ስለ በዙ ሙከራው በ2006 ተቋርጧል። «ዝቅተኛ እፍግታ ያለው ተሸካሚ» እና «ከፍተኛ እፍግታ ያለው ተሸካሚ» ረዘም ቢሉም አይፈርዱም፤ የቃል ሥራ መግለጽ እንጂ መፍረድ አይደለም።

ቃላቱ ረዝመዋል፣ ሕዝብ አይለምዳቸውም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው እውነት አለው። ስለዚህ «ደም ብዛት»ን ከሕዝብ አፍ እንንጠቅ አንልም፤ በጽሑፍ ሲገባ ግን አጠገቡ «ከፍተኛ የደም ግፊት» ይቁም። አዲስ ትርጉም ከመታተሙ በፊትም በአካባቢው ለሚኖሩ፣ ፊደል ላልቈጠሩ ሰዎች ይነበብላቸውና አንድ ጥያቄ ይጠየቁ፤ «ይህ ቢደርስብህ ምን ታደርጋለህ?» መልሱ «ሳልውል ሳላድር ሆስፒታል እሄዳለሁ» ካልሆነ፣ ቃሉ ለመዝገበ ቃላት ቢበቃም ለወንጪ ሰው አልበቃም።