የሚታይ እንጂ የማይሰማ ክራር

የሙዚቃ መሣሪያ የሚሠራው ለጆሮ ነው። ይሁን እንጂ ብርቅ ከሆነ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ለዓይን ብቻ ይቀራል። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ይገባና ስሙና የተገኘበት አገር በካርድ ላይ ተጽፎለት ዝም ይላል። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው ይህንን ልማድ ነው። ለምሳሌነት የመረጥናት ከተማ ካርቱም ናት፤ የሱዳን የአውታር መሣሪያ የእኛው ክራር የቅርብ ዘመድ ነውና።

ይህንን መሣሪያ ኑቢያውያን ኪሲር፣ ዐረብኛ ተናጋሪዎቹ የሰሜን ነዋሪዎች ጠምቡር ወይም ረባባ፣ በምሥራቅ ያሉት ቤጃዎች ደግሞ ባሰንኮብ ይሉታል። ገበቴው በቆዳ ተለብጦ፣ ሁለት ቋሚዎችና አንድ ቀንበር ተሰክተውበት፣ ብዙውን ጊዜ አምስት አውታር ይወጠርበታል። ቅኝቱም እንደ እኛው ባለ አምስት ድምፅ ነው። የሱዳን ዘፈን ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ባዕድ ያልሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በአገራችን እጅግ የሚወደደው መሐመድ ወርዲ (እ.ኤ.አ. 1932-2012) የዚሁ የኑቢያ ምድር ልጅ ነበር፤ ለዘፋኝነት ከመታወቁ በፊትም መምህር ነበር።

በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም በ19ኛው መቶ ዘመን በሰሜን ሱዳን የተሠራ አንድ ኪሲር አለ። ሳንቲሞች፣ ዶቃዎችና ዛጎሎች ተንጠልጥለውበታል። በሠርግና በዛር ሥርዓት ሳያገለግል እንዳልቀረ ይታመናል። ጎብኚው ጌጡን አይቶ ያደንቃል። ነገር ግን አውታሩ ሲመታ ሳንቲሞቹ እንዴት ይንሿሿሉ? ገበቴው ምን ያህል ያስተጋባል? ለእነዚህ ጥያቄዎች የመስታወቱ ሣጥን መልስ የለውም። በካርቱም እ.ኤ.አ. በ1956 የተከፈተውን የኤትኖግራፊ ሙዚየም የመሰሉ ተቋሞችም ከዚህ ችግር ነፃ አይደሉም። የሙዚየም ሠራተኛ መሣሪያውን ይለካዋል፣ ይመዘግበዋል፤ ድምፁን የሚያውቀው ግን ደርዳሪው ነው።

የራሳችንን በገና እንውሰድ። አሥር አውታር እንዳለው ማንም ቆጥሮ ሊጽፍ ይችላል። ሆኖም በአውታሩና በበርኩማው መካከል የምትገባው እንዚራ የምትባለው ቁራጭ ቆዳ በትክክለኛው ቦታዋ ካልተቀመጠች ያ የሚያነዝረው የበገና ድምፅ አይገኝም። ይህችን ቁራጭ ያላወቀ መዝጋቢ፣ ብትወድቅ እንደ ጉድፍ ጠርጎ ሊጥላት ይችላል። በገና ደርዳሪ ግን ገና ሲያይ መጉደሏን ይናገራል። ስለዚህ ሙዚቀኛን ወደ ስብስቡ መጋበዝ ለእንግዳ የሚደረግ ውለታ ብቻ አይደለም፤ ለስብስቡም ጥቅም ነው።

እዚህ ላይ የግል ሰብሳቢዎች ጉዳይ ይነሣል። የግል ሰብሳቢ እንደ መሥሪያ ቤት የፈቃድ ደብዳቤ አያስፈልገውም። ጀበናውን ጥዶ በሩን ቢከፍት ከልካይ የለውም፤ ቡና በጀበና ማቅረብ ለሱዳኖችም ለእኛም የጋራ ወግ ነው። በአንጻሩም በሩን ቢዘጋ ጠያቂ የለውም። ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ነው፤ ያ ሰው ሲሞት ወራሾቹ የዕቃውን ዋጋ እንጂ ነገሩን ላያውቁ ይችላሉ።

«አሮጌ መሣሪያ ከተነካ ይሰበራል» የሚል ተቃውሞ እንደሚቀርብ እናውቃለን። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። የእጅ ላብ እንጨትን ይጎዳል፣ ደረቅ ቆዳ ይሰነጠቃል፣ አውታር ሲወጠርም ያረጀ ቀንበር ሊሰበር ይችላል። ነገር ግን መፍትሔው ሁሉንም መቆለፍ አይደለም። የደከመው ይታይ፤ ተለክቶም አምሳያው ይሠራ። ጠንካራው በባለሙያ እጅ ለአጭር ጊዜ ይመታ፣ ድምፁ ይቀዳ፣ ከዚያም አውታሩ ላልቶ ይቀመጥ።

የመቆለፍን ደካማነት ያሳየን ደግሞ የካርቱም መከራ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ በኋላ የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ተዘርፏል፤ ብዙ ሙዚቀኞችም ካይሮን ወደ መሰሉ ከተሞች ተሰድደዋል። መዝጊያና ቁልፍ ዘራፊን አላገዱም። ስደተኛው ግን ከባድ ዕቃ መሸከም ባይችል እንኳ ቅኝቱን በጣቱና በጆሮው ይዞ ይሄዳል። ከአንድ ስብስብ አሥር ደርዳሪዎች ቢማሩ፣ ስብስቡ ቢጠፋ እንኳ አሥር ቦታ ተቀምጧል ማለት ነው።

እኛም የራሳችን ምስክር አለን። ዓለሙ አጋ በገናን በልጅነቱ ከመምህር ተሰማ ወልደ አማኑኤል ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደግሞ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማረ። በደርግ ዘመን ትምህርቱ ሲቋረጥ በገናን ከመረሳት ያተረፈው በሣጥን የተቀመጠው ዕቃ ሳይሆን፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የተላለፈው ሙያ ነው። በገናው ቢጠፋ ከሚያውቅ ሰው ዘንድ ሌላ ይሠራል፤ የሚያውቅ ሰው ከጠፋ ግን የቀረው በገና እንጨትና ጅማት ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ሙዚየም ሲወስዱ፣ የሚቻል ከሆነ አንድ ክራር መቺ ወይም መሰንቆ ተጫዋች አብረው ይውሰዱ። ተማሪዎችም በየመንደራቸው በግድግዳ ላይ የተሰቀለ መሣሪያ ካዩ ባለቤቱን በአክብሮት ይጠይቁ፦ ማን ሠራው? በየትኛው ቅኝት ይቃኛል፤ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይስ በአንቺ ሆዬ? መልሱን በደብተራቸው ይጻፉ፤ ባለቤቱ ከፈቀደም ይቅዱት። ብርቅ መሣሪያ ላላቸው ሁሉ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ የሰበሰባችሁት ድምፅ ነውና ድምፁን የሚያውቁትን ጋብዟቸው።