ብልሃቱ የት ላይ ዋለ?

ቤት ጋራዥ ውስጥ የተጠገነ ሞተር ሳይክል ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ ሠሪው ብልሃቱን ያዋለው ለመፍታት ነው ወይስ ለመግጠም ብዬ ነው። ለመፍታት የዋለ ብልሃት የቱንም ያህል ያልተለመደ ቢሆን አከብረዋለሁ። ሞተሩ ላይ የቀረ ብልሃት ግን ያሰጋኛል።

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ የተመቸች ከተማ ናት። ሆንዳ ከ1979 እስከ 2009 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በአቅራቢያዋ ሜሪስቪል ሞተር ሳይክል ይሠራ ነበር፤ ትልቁ ጎልድ ዊንግ ከዚያ ይወጣ ነበር። በብርዱ ወራት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ደግሞ ብሎን ያጣብቃል፣ ፍሬን ይበላል።

ፍሬኑን እንይ። ፒስተኑ ከካሊፐሩ አልወጣ ሲል ብዙ ሰው በኮምፕረሰር አየር ይገፋዋል፤ ድንገት ሲስፈነጠር ጣት ይሰብራል። የሚሻለው የግራሶ ፓምፕ ነው፤ ፓምፑን የፍሬን ዘይት መግቢያ ቀዳዳ ላይ ገጥመው በእጅ ሲገፉት፣ ፒስተኑ ቀስ እያለ ይወጣል። ግሩም ዘዴ ነው፤ ግን ግራሶ የፍሬን ጎሚኒ ያሳብጣል። ስለዚህ ባለሙያው የሚለየው ከዚያ በኋላ ነው። ካሊፐሩ አንድም ቅባት ሳይቀርበት ታጥቧል? ጎሚኒዎቹ ተቀይረዋል? ከሁሉም በላይ ጎሚኒው የሚቀመጥበት ቦይ ተፍቋል? ጨው አሉሚኒየሙን ሲበላው ነጭ ዱቄት ቦዩ ውስጥ ይጋገርና ጎሚኒውን ወደ ፒስተኑ ይገፋዋል። ይህ ካልተፋቀ አዲስ ጎሚኒም ቢገባ ፍሬኑ መልሶ ይይዛል። ለማረጋገጥ መፍታት አያስፈልግም። ጎማውን ከመሬት አንሱ፣ ፍሬኑን ጨብጣችሁ ልቀቁ፣ ከዚያ አሽከርክሩ። በእጅ አልዞር ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያልተነካ ቦይ ነው።

ቀጥሎ የሞተሩን ጎን ክዳን ተመልከቱ። የጃፓን መስቀለኛ ብሎን የራሱ ካቻቪቴ አለው፤ በተለመደው ሲፈታ ካቻቪቴው ያመልጥና አናቱን ይልጠዋል። ብሎኖቹ ሁሉ ከተላጡ ሠሪው የሚተማመነው በጉልበቱ ነው፤ ውስጡንም እንዲያ ነክቶታል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ተቆርጦ የቀረ ብሎን ላይ ዳዶ በይዶ ማውጣትን እወደዋለሁ፤ የብየዳው ሙቀት ራሱ ዝገቱን ያላቅቀዋል። ጥርሱ ያለቀ የአሉሚኒየም ቀዳዳ በተጠቀለለ የብረት ሽቦ ጥርስ ሲታደስ ደግሞ ከቀድሞው ይጠነክራል። ሞተሩ ላይ ቢቀር ደስ የሚለኝ ብልሃት ይህ ብቻ ነው። የዘይት ማፍሰሻውን ብሎን በሙጫ የለጠፈ ሰው ሞተር ግን አልነዳም፤ ሙጫው መንገድ ላይ ከለቀቀ ዘይቱ የሚፈሰው የኋላ ጎማ ላይ ነው።

ዓይናችሁን ለማሠልጠን ከከተማዋ በስተምሥራቅ ፒከሪንግተን ያለውን የአሜሪካ ሞተር ሳይክል ማኅበር ሙዚየም ጎብኙ። ቀለሙን ለሌሎች ተዉት፤ እናንተ ጎንበስ ብላችሁ የብሎኖቹን አናት እዩ።