ልብን በመቶኛ የሚቆጥር ደንብ

የልብ ምት ሲዘገይ ከደረት ቆዳ ሥር የሚተከለው ፔስሜከር የብዙ ሰው ሕይወት ማዳኑ አይካድም። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው መሣሪያውን ሳይሆን፥ በየምቱ ራሱ እንዲወስን የተሰጠውን ደንብ ነው።

የደንቡ መነሻ በቂ ምክንያት ነበረው። ዴቪድ የተባለው የ2002 እ.ኤ.አ. ጥናት፥ የልብ ምት ሲታወክ በኤሌክትሪክ የሚመልስ መሣሪያ በተተከለላቸው 506 ሕሙማን ላይ፥ የልብን ሁለት ክፍሎች አዘውትሮ መቀስቀስ ሞትን ወይም በልብ ድካም ሆስፒታል መግባትን እንዳበዛ አሳየ። ስለዚህም የታችኛውን ክፍል በተቻለ መጠን የማይነኩ ደንቦች ተሠሩ። በ2007 ሴቭ ፔስ የተባለው ጥናት በ1065 ሕሙማን ላይ ሲፈትናቸው፥ ሥር የሰደደው የላይኛው ክፍል መርገብገብ ከ12.7 ወደ 7.9 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ የሞት ቁጥር ግን እምብዛም አልተለየም።

ጉድለቱ ወዲህ ነው። ከነዚህ ደንቦች አንዱ ልብ በራሱ እንዲመታ ሲጠብቅ፥ አንድ ምት ቢቀር ይታገሣል። ከዚያ የሚከተለው አጭር፥ ረጅም፥ ደግሞም አጭር የሆነ የምት ተራ በአንዳንድ ሕሙማን የታችኛውን ክፍል አደገኛ ሩጫ እንዳስነሣ ተመዝግቧል። ደንቡን የማያውቅ ተማሪም የቀረውን ምት የመሣሪያ ብልሽት አድርጎ ያነበዋል።

መቶኛው የቅስቀሳውን ብዛት ይናገራል፤ የአንዲት ዝምታን አደጋ ግን አይናገርም። እንግዲህ ሐኪሙ ቁጥሩ ስላነሰ ብቻ ደስ ሊለው አይገባም፤ የልቡንም የኤሌክትሪክ ንድፍ ምት በምት ይመርምር እንላለን።