በነፋስ ጊዜ ዓሣ ስለ ማጥመድ

ዓሣን በመንጠቆ ማጥመድ የትዕግሥት ጥበብ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ ነገሩም እውነት ነው። ነገር ግን ትዕግሥት ዕውቀት ካልታከለበት፣ ሰውን ውሃ ዳር ተቀምጦ ከማምሸት በቀር ሌላ ፍሬ አያስገኝለትም። በጣና ዳርቻ ዘንግ ይዤ ከኖርሁበት ዘመን የተረዳሁትን ጠቅልዬ ልናገር ብል፣ የአጥማጅ ሙያ የሚፈተነው ነፋስ በተነሣ ጊዜ ነው እላለሁ።

ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣሎ የሚገኝ ሐይቅ ሲሆን፣ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ሰፊ በመሆኑ ነፋሱ እንደ ልቡ የሚሮጥበት ሜዳ አለው፤ ጥልቀቱ አነስተኛ በመሆኑም ማዕበሉ እስከ ወለሉ ድረስ እያናወጠ ጭቃውን ያነሣል። በመዓልት ፀሐይ ምድሩን ከውሃው ፈጥና ስለምታሞቀው፣ በምድር ላይ ያለው አየር እየቀለለ ወደ ላይ ሲወጣ፣ የሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ስፍራውን ሊሞላ ይመጣል፤ ማለዳ ረግቶ የነበረውም ውሃ ከቀትር በኋላ ይታወካል። ውሃ እየጠጣ በሚከብድ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ሩቅ መንገዳቸውን በማለዳ የሚጀምሩት ይህን የተፈጥሮ ሥርዓት ከአባቶቻቸው ስለ ተማሩ ነው።

ነፋስ የላይኛውን ውሃ ወደሚነፍስበት ዳርቻ ሲገፋ፣ በውሃው ላይ የሚንሳፈፉትን ረቂቃን ፍጥረታትና ከሣር የረገፉትን ትንኞች አብሮ ይወስዳል፤ ትንንሾቹ ዓሦች ምግባቸውን ተከትለው ይሄዳሉ፣ ትልልቆቹም ትንንሾቹን። የውሃው ገጽ ሲሸበሸብ ብርሃኑ ስለሚሰባበር፣ ዳር ላይ የቆመው ሰው ጥላ ከዓሣው ዓይን ይሰወራል፤ ውሃው ሲደፈርስም አምባዛ በጢሙ እየዳሰሰ ያለ ፍርሃት ወደ ዳር ይቀርባል። ስለዚህ ጀማሪው ነፋስ ወደማይደርስበት ጥግ ሲሸሽ፣ የበሰለው አጥማጅ ማዕበሉ ወደሚሰበርበት ዳርቻ ፊቱን ያቀናል።

እዚያም ከደረሰ በኋላ እጁ ኅሊናው ያወቀውን መፈጸም አለበት። ዘንጉን ከራሱ በላይ አንሥቶ የሚወረውር ሰው ክሩን ለነፋስ ያስረክባል፤ በጎን በኩል ዝቅ አድርጎ፣ በከበድ ያለ እርሳስና በቀጭን ክር፣ አጠር አድርጎ የሚወረውር ግን ወዳሰበው ያደርሳል። እርሳሱ ወለል እንደ ነካ የዘንጉን ጫፍ ወደ ውሃው አቅርቦ ክሩን ማወጠር ይገባል፤ ክር በነፋስ ከጎበጠ የዓሣው ንክሻ ወደ ጣት አይደርስምና። ነፋሱ በሚወረውርበት ክንድ በኩል የሚመጣ ከሆነ፣ መንጠቆው ወደ ገዛ ፊቱ እንዳይመለስ የአቋቋሙን አቅጣጫ ይለውጥ። በጀልባ ላይ ያለ ሰው ደግሞ፣ አፉ የተከፈተ ጆንያ በገመድ አስሮ ከኋላው ቢጎትት፣ ጀልባው በነፋስ ፈጥኖ ከመነዳት ይገታል።

እንግሊዛዊው አይዛክ ዋልተን ስለ ዓሣ ማጥመድ የጻፈውን ዝነኛ መጽሐፉን በ1653 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር ሲያወጣ ዕድሜው ወደ 60 ደርሶ ነበር፤ እስከ 1676ቱ 5ኛ እትም ድረስም መጽሐፉን ማረምና ማስፋት አልተወም። ይህ ሰው ቀኑ ደመናማ ከሆነና ብርዱ ካልጸና፣ ነፋሱ ከየትኛውም ማዕዘን ቢመጣ ግድ እንደሌለው ገልጾ፣ ስለ ነፋስ አብዝቶ የሚጨነቀውንም ሰው አጉል አማኝ ነው ይለዋል። ታላቅነቱን ባከብርም በዚህ ከእርሱ እለያለሁ፤ ዋልተን ከሁሉ በላይ የወንዝ ሰው ነበርና። በወንዝ ውሃውን የሚመራው ቁልቁለቱ ነው፤ በሰፊ ሐይቅ ግን መሪው ነፋስ ስለሆነ፣ ነፋስን መመርመር የሙያው መሠረት ነው።

የሐይቅ ነፋስ ግን የሚመረመር ብቻ ሳይሆን የሚፈራም ነው። ሊቀ ሐዋርያት ቅዱስ ጴጥሮስ በመረብ አጥማጅነቱ የታወቀ ቢሆንም፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 መንጠቆ እንዲጥል ታዟል። የእርሱ ባሕረ ገሊላ ከውቅያኖስ ወለል 210 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በተራሮች የተከበበ፣ ጨው የሌለው ሐይቅ ነው፤ ዐውሎው ሲነሣም በውሃው ላይ ያደጉት ሐዋርያት ሳይቀሩ እንደ ፈሩ በወንጌል ተጽፏል። እንግዲህ እነርሱ ከፈሩ፣ በጊዜ ወደ ወደብ የሚመለስ አጥማጅ ፈሪ ሊባል አይገባውም፤ መመለሱ አስተዋይነት ነውና።

በነፋስ ፊት ማፈግፈግን የተማረ ሰው፣ በወቅትም ፊት ማፈግፈግን ሊማር ይገባዋል። በክረምት፣ በተለይም ከነሐሴ እስከ መስከረም፣ የጣና ነጭ ዓሣ ዕንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች ይወጣል፤ በወንዞቹ አፍ የሚዘረጋው መረብና ዓሣን ለማደንዘዝ በውሃ ውስጥ የሚበተነው የብርብራ ፍሬ ዱቄት የሚፈጀው ያን ዓሣ ብቻ ሳይሆን ገና ያልተወለደውን ትውልድ ጭምር ነው። ከጣና የነጭ ዓሣ ወገኖች ብዙዎቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኙም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ዘንግ ለመያዝ ብትነሣ አስቀድመህ የሐይቅህን ነፋስ አጥና፤ ዓሣው ለመራባት በሚወጣበት ወራትም የወንዞቹን አፍ ተውለት። ፍጹም አጥማጅ የሚባለው እነዚህን ሁለቱን የጠበቀ ነው።