ከመሐል ወንበር

ስለ እንግሊዝ ብራስ ባንድ ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው ኮርኔት ነው፤ ዜማውን ብዙውን ጊዜ የሚይዘው እሱ ነውና። እኔ የምነፋው ቴነር ሆርን ነው። ከላይ ያሉትን ኮርኔቶች ከታች ካሉት ዩፎኒየሞችና ባሶች ጋር የሚያገናኝ የመሐል ድምፅ ነው፤ ዜማ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው። የዚህን ሙዚቃ ደስታ ግን ከዚህ ወንበር የበለጠ የሚያሳይ ያለ አይመስለኝም።

ለውድድር የሚቀርብ ባንድ 25 ያህል ነፊዎችና ጥቂት ከበሮ መቺዎች አሉት። ክላርኔትና ሳክስፎን አይገቡበትም፤ ትራምፔትም ቦታውን ለኮርኔት ለቋል። የአብዛኞቹ መሣሪያዎች ቱቦ ቀስ በቀስ እየሰፋ ስለሚሄድ ድምፃቸው ለስላሳ ነው፣ እርስ በርስም በቀላሉ ይዋሐዳል። ከባስ ትሮምቦን በቀር ነፊዎቹ ሁሉ የሚያነቡት በትሬብል ክሌፍ ነው። ስለዚህ ኮርኔት የተማረ ልጅ ባስ ነፊ ሲጎድል ባሱን አንሥቶ በለመደው የጣት አያያዝ ሊነፋ ይችላል። ቀን ሲሠራ ውሎ ማታ ለሚለማመድ ሠራተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ከእነዚህ የሠራተኛ ባንዶች ብላክ ዳይክ እ.ኤ.አ. በ1855 በኩዊንስበሪ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ግራይምቶርፕ ደግሞ በ1917 በከሰል ማዕድን ሠራተኞች መካከል የተቋቋሙ ናቸው።

ልምምዳችን የሚጀምረው በዝግታ በሚነፋ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ነው። ጣት የሚፈትን ነገር የለውም፤ ጆሮን ግን ይፈትናል። እኔና አጠገቤ የተቀመጠችው ነፊ እኩል ከተነፈስን ድምፁ ይቆረጣል፤ ስለዚህ እሷ ሐረጉን ስትጨርስ እኔ ይዤ እቆያለሁ፣ ረጅም ኖታ መሐል ትንፋሽ ወስጄም ከእሷ ድምፅ በታች ተመልሼ እገባለሁ። የሜጀር ኮርድ ሦስተኛው ድምፅ ሲደርሰኝ ከፒያኖ ልክ በከንፈሬ ጥቂት ዝቅ አደርገዋለሁ። ሁሉም ልኩን ሲያገኝ ኮርዱ ይረጋል፤ ማናችንም ያልነፋነው ሌላ ድምፅም አብሮ መሰማት ይጀምራል። ያን ድምፅ ፍለጋ ነው በክረምት ብርድ ቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ የምንሰበሰበው።

የሙዚቃ ደራሲዎቹ ሆልስት በ1928፣ ኤልጋር በ1930 ለብራስ ባንዶች ብሔራዊ ውድድር ሥራ ሲጽፉ ያገኙት ይህን የድምፅ ቀለም ነው። የሆልስት «ሙርሳይድ ስዊት» መካከለኛ ክፍል ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። በትልልቆቹ ውድድሮች ዳኞች ተከልለው፣ የትኛው ባንድ እንደሚነፋ ሳያዩ ይሰማሉ፤ ይህንም አጥብቄ እደግፋለሁ፤ ዝና ጆሮን ያታልላልና።

«ግሬስፎርድ» በተባለው ሥራ አነፋፍ ላይ ግን ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። በ1934 በሰሜን ዌልስ በግሬስፎርድ ማዕድን ለሞቱት 266 ሰዎች መታሰቢያ ነው፤ የጻፈው የማዕድን ሠራተኛ የነበረው ሮበርት ሴንት ነው፣ በዱራም የማዕድን ሠራተኞች በዓልም ይነፋል። ድምፁን እያርገበገበና ዜማውን እየጎተተ አድማጭን ሊያስለቅስ የሚሞክር መሪ አለ። ያለ ጌጥ፣ ወጥ በሆነ ትንፋሽ፣ የመሐል ድምፆቹ ሳይዋጡ መነፋት አለበት ባይ ነኝ። ሐዘኑ ያለው እዚያው ኮርዶቹ ውስጥ ስለሆነ ነፊው ሊጨምርበት አይገባም።